ባዶ እግሩን የቆመው የክብር ዘብ
ስለ ወጣቶቻችን ሰልፍና ስለ ደንብ ልብስ ታሪክ



በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል ልጆቻችን የክብር ዘብ ሆነው ሰንደቅ ዓላማ አጅበው እንዲሰለፉ ከታሰበ ጀምሮ በካርቲየ 2 ቤቶቻችን ብዙ ያነጋገረን ጉዳይ የልጆቹ አረማመድ ሳይሆን አለባበሳቸው ነው። ጫማው ጥቁር ይሁን ወይስ ነጭ? የእጅ ጓንት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? የሴቶች ልጆቻችን ሹሩባና ሻሽ እንዴት ይሁን? ማተብ ያሠረ ልጅስ? ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን «ያላሟላ ልጅ ይሰለፍ ወይስ ይቅር?» የሚለው ነው። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በሰው አገር የሚያድግ ልጅ በወገኖቹ ፊት አንድ ቀን ከሰልፍ ቢወጣ፣ የቀረው ከበዓሉ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲነሣ ወደ ኋላ ተመልሶ የቀደሙት ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል። ዘመናዊው የኢትዮጵያ የክብር ዘብ ታሪክ ደግሞ ከምንኖርባት ከተማ ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው። ለሰልፍና ለሥርዓት ያስፈለገው ዕቃ፣ ያሠለጠነውም ሰው፣ ብዙው ከዚሁ ወደብ ወርዶ በባቡር ወደ መሀል አገር የዘለቀ ነውና። ስለዚህ ያንን ታሪክ ባጭሩ አቅርበን፣ መጨረሻ ላይ ለልጆቻችን የሚበጀውን ለመጠቆም ወደናል። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የነሐስ ሙዚቃና የምድር ባቡር

እንደሚታወቀው በአገራችን ሰልፍና ክብር አዲስ ነገር አይደሉም። ከጥንት ጀምሮ ጦር ሲከትም ነጋሪት ይጎሰማል፤ ጀግና በለምድና በጎፈር ያጌጣል፤ ባለማዕረግ በካባው ይታወቃል። ነገር ግን ያ አለባበስ የሚለየው አንዱን ከሌላው ነበር። ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ለብሶ፣ እኩል ቆሞ፣ በአንድ ትእዛዝ የሚንቀሳቀስበት ሥርዓት የመጣው ዘግይቶ ነው።

ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎችን መላካቸው ይታወሳል። አዲስ አበባ የማርሽ ሙዚቃ መስማት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። የምድር ባቡር ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ገደማም ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን ኋላ ክቡር ዘበኛ የተባለውን ጦር ማቋቋም ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ከተመለመሉት መካከል በእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካና በጣሊያን ሥር በሊቢያ ያገለገሉ፣ የሰልፍን ሥርዓት በውጭ ያዩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

አርባ ልጆች

ስለ ወጣቶች ሰልፍ ከተነሣ ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ታሪክ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ በአርመኖች ገዳም ውስጥ የነሐስ ሙዚቃ የሚጫወቱ ወጣቶችን አዩ። ልጆቹ በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ከአርመን ፓትርያርክ ፈቃድ ጠይቀው አርባውን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። ልጆቹ ከሙዚቃ መሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር በጅቡቲ በኩል አልፈው፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። አዲስ ዓመት ሊብት አምስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም እስከ ዛሬ የቀረውም ከዚያ ነው።

እነዚህ ልጆች የአገሪቱ የመጀመሪያው ይፋዊ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ናልባንድያን ዜማውን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የደረሱት መዝሙርም እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ቆይቷል። ይህን ታሪክ ለእኛ ቅርብ የሚያደርገው አንድ ቁም ነገር አለ። እነዚያ ልጆች አባት እናት፣ ቤትም ርስትም አልነበራቸውም። የደንብ ልብስ ገዝተው ይምጡ ያላቸው ሰው የለም። አስቀድሞ ተቀባይ አገኙ፤ ልብሱና መሣሪያው ተሰጣቸው፤ ትምህርቱም ተከተለ። ከእነሱ የተጠየቀው ልምምድና ሥርዓት ነበር። በማያውቁት አገር የመንግሥት እንግዳ ፊት ቀርበው የአገር ክብር ሲያሰሙ የኖሩት በዚህ ዓይነት ነው። ስደተኛ ልጅ የተቀበለችው አገር ጌጥ ሊሆን እንደሚችል የእነሱ ታሪክ ምስክር ነው።

ገምባሌና ባዶ እግር

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲከበር ከአውሮፓና ከአሜሪካ ብዙ እንግዶች ተጋብዘው ነበር። እንግዶቹም ጅቡቲ ከመርከብ ወርደው በባቡር ተጓዙ። በዚያው ዘመን ክቡር ዘበኛን የሚያሠለጥኑ የቤልጂግ መኮንኖች ከመጡ ገና አንድ ዓመት ያህል ነበር።

በ1920ዎቹ የተነሡትን የክቡር ዘበኛ ፎቶግራፎች አስተውሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያያል። ወታደሩ የካኪ ኮትና ሱሪ ለብሷል፤ ቀበቶው ጠብቋል፤ ቁልፉ ተቆልፏል፤ ባቱ በገምባሌ ተጠቅልሏል፤ ጠመንጃው ቀጥ ብሏል። ከገምባሌው በታች ግን እግሩ ባዶ ነው። አንዳንድ የውጭ ጋዜጠኞች ይህን እንደ መሳቂያ ጽፈውታል። የአገሩን ኑሮ ለሚያውቅ ግን የሚያስቅ ነገር የለበትም። ያን ጊዜ የቆዳ ጫማ ለብዙው ሰው ውድና እንግዳ ነበር። በባዶ እግሩ ተራራ መውጣት የለመደ ወታደር አዲስ ጫማ ቢያጠልቅ እግሩ ተላልጦ ሰልፉን ያበላሸዋል። ስለዚህ ጫማ የለህም ተብሎ ከሰልፍ የወጣ አልነበረም። ሁሉም በአንድነት ባዶ እግራቸውን ቆሙ፤ መሥመሩም ሳይዛነፍ ታየ።

ከዚህ የምንማረው ጫማ አያስፈልግም የሚለውን አይደለም። ጫማው ቆይቶ መጥቷል፤ መምጣቱም መልካም ነው። የምንማረው የሰልፍ ውበት ከመመሳሰል እንጂ ከዕቃው ዋጋ እንደማይገኝ ነው። ሃያ ልጆች ሸራ ጫማ አድርገው እኩል ቢቆሙ ያምራል። ከሃያው አሥሩ የሚያብረቀርቅ የቆዳ ጫማ፣ አሥሩ ሸራ ቢያደርጉ ግን የተመልካች ዓይን የሚያርፈው በልዩነቱ ላይ ነው፤ ከሰልፈኛውም ግማሹ አንገቱን ይደፋል።

የሆለታ ወጣቶች

በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አሠልጣኞቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ተማሪዎቹም በአብዛኛው እንደ ተፈሪ መኮንንና እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ካሉ ትምህርት ቤቶች የተመረጡ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ወጣቶች ነበሩ። ዛሬ ልጆቻችን በጅቡቲ ትምህርት ቤቶች የሚማሩበት ቋንቋ ያን ጊዜም የዕጩ መኮንኖቹ መማሪያ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

የእነዚህ ወጣቶች የሥልጠና ጊዜ አጭር ነበር። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ወደ ጦርነቱ ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 26 ቀን ከዚህችው ከጅቡቲ ወደብ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ስደት ሄዱ። ከሆለታ ወጣቶች ብዙዎቹ ግን ወደ ምዕራብ አቅንተው በወለጋ የጥቁር አንበሳ ማኅበርን ከመሠረቱት አርበኞች ጋር ተሰለፉ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ቦናያ ላይ ያረፉ የጣሊያን አውሮፕላኖች ሲቃጠሉና የአየር ኃይል ጄኔራሉ ማልዮኮ ሲገደል ከተሳተፉት መካከል የሆለታ ወጣቶች ይገኙበታል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተካሄደው ፍጅት ደግሞ ጠላት በተለይ እያደነ ከገደላቸው ወገኖች የሆለታ ዕጩ መኮንኖችና የተማሩ ወጣቶች ዋነኞቹ ነበሩ።

በወለጋ ጫካ ካውያ የለም፤ የጫማ ቀለምም የለም። ልብሱ አልቆ ተቀደደ። የማያልቀው በሰዓት መነሣት፣ ትእዛዝ መስማትና ጓደኛን አለመተው ነበር። ልጅ ልብሱን አጥቦ፣ ቁልፉን ሰፍቶ፣ ጥፍሩን ቆርጦ ለሰልፍ እንዲቀርብ የምናዘው ለታይታ ቢሆን ኖሮ ድካሙ ባላስፈለገ። ትንሹን ነገር በራሱ መጠበቅ የለመደ ሰው ትልቁ ሲመጣ አይደናገርም።

ከቃኘው እስከ ምጽዋ

ከነጻነት በኋላ ክቡር ዘበኛ እንደ አዲስ ተደራጀ። በታላላቅ በዓላት የሚለብሰው ልብስም የራሱ ወግ ነበረው። ከአንበሳ ጎፈር የተሠራ ጌጥ ያለው ቆብ የአገርን የጥንት የጀግና ሽልማት ከአውሮፓ የደንብ ልብስ ጋር ያገናኘ ነበር። ከዚሁ ጦር የተውጣጣው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ ደርሶ፣ በአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ኮሪያ ተጓዘ። በኮሪያ የብርድ ልብሱንም መሣሪያውንም ከአሜሪካኖች ተቀብሎ ተዋጋ። ልብሱ የሌላ አገር ሆነ፤ ስሙና ሥርዓቱ ግን የራሱ ነበር። ከቃኘው ጦር አንድም ሰው ሳይማረክ መመለሱ እስከ ዛሬ በኮራ ልብ የሚነገር ነው።

በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የሐረር ጦር አካዳሚ ደግሞ በሕንድ መኮንኖች የሚመራ፣ የሦስት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ነበር። በምጽዋ ደግሞ በኖርዌይ መኮንኖች የሠለጠኑት የባሕር ኃይል ዕጩ መኮንኖች ነጭ ልብስ ለብሰው ይሰለፉ ነበር። ነጩ ልብስ የተመረጠው ለውበት ብቻ አይደለም። በቀይ ባሕር ዳርቻ ሙቀት ነጭና ቀለል ያለ ልብስ የፀሐይን ግለት ይመልሳል፤ ሰውነትንም ያስተነፍሳል። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፤ ቆይተውም ወደ ጅቡቲ መጥተው በ1989 ዓ.ም. እዚሁ ለጨረታ ቀረቡ። ያ ዘመን እንዲህ ቢያበቃም፣ ልብስ ለአገሩ አየር መመረጥ እንዳለበት ያስተማረን ግን አብሮ አልተሸጠም። ጅቡቲ በበጋዋ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ፣ ኻምሲን የሚባለው ነፋስ አሸዋ እየነሰነሰ የሚነፍስባት ከተማ ናት። ለደጋ የተሰፋ ወፍራም ኮት እዚህ ልጅን ሊያዝለፈልፍ ይችላል።

በዚህች ከተማ ጎዳና ያየነው

በጅቡቲ የኖርን ሰዎች የሰልፍ ትምህርት ቤታችን ጎዳናው ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ እዚህ የሰፈረው 13ኛው የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጌዎን ጦር ነጭ ቆቡን ደፍቶ ሲሰለፍ ብዙዎቻችን አይተናል። ሌላው የፈረንሳይ ጦር በደቂቃ 120 እርምጃ ሲራመድ፣ ሌጌዎኑ 88 ብቻ ይራመዳል። ከየአገሩ የመጡ፣ ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎች በአንድ ቆብና በአንድ እርምጃ አንድ ይመስላሉ። የጅቡቲ ሪፐብሊክ ነጻነቷን ባገኘችበት ሰኔ 20 ቀን ደግሞ በየዓመቱ የሪፐብሊኩ ዘብ ሲሰለፍ ልጆቻችን ከጎረቤቶቻቸው ልጆች ጋር ሆነው ያጨበጭባሉ። ይህ ለልጆቻችን ትልቅ ትምህርት ነው። የተቀበለንን አገር ክብር አክብሮ መቆም የራስን ክብር አይቀንስም፤ ይጨምራል እንጂ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከተማችን የብዙ አገር ጦር ሰፈር ያለባት ናት። የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ወታደሮች አሉ። በገበያ የሚሸጥ የወታደር ዥንጉርጉር ልብስም አይታጣም። የሲቪል ልጅ የወታደር ልብስና የማዕረግ ምልክት ማድረግ የለበትም። ማዕረግ በሥልጠናና በመሐላ የሚገኝ ነው፤ ያልተሰጠውን ማዕረግ መልበስ ባለማዕረጉንም ሕጉንም መድፈር ይሆናል። የልጆቻችን ልብስ ንጹሕ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ወይም ጉርድ ቢሆን፣ የማኅበራችን ምልክት በደረት ላይ ቢሰፋበት፣ ለክብር ይበቃል።

ለልጆቻችን የሚበጀው

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምናገኘው መሠረታዊ ሐሳብ አንድ ነው። የደንብ ልብስ የተፈለገው የሀብታሙና የድሀው፣ የነባሩና ትናንት የመጣው ልጅ ጎን ለጎን ቆመው እንዳይለዩ ነው። ልዩነትን ለማጥፋት የመጣው ልብስ መልሶ ልጅን ከልጅ የሚለይበት ወንፊት ከሆነ፣ ደንቡ ዓላማውን ስቷል። ስለዚህ ደንባችን ሁለት ነገሮችን ለይቶ እንዲያይ እናሳስባለን፤ እነርሱም ገንዘብ የሚያመጣውና ልጁ በገዛ እጁ የሚሠራው ናቸው።

ገንዘብ የሚያመጣውን ማኅበሩ ይሸከም። ጨርቁ በአንድነት ተገዝቶ በአንድ ልብስ ሰፊ እጅ ቢሰፋ ዋጋው ይቀንሳል፤ ቀለሙም አይለያይም። ጫማው ሁሉም ሊያገኘው የሚችል አንድ ዓይነት ሸራ ይሁን። ልብሱ በማኅበሩ ሣጥን ይቀመጥ፤ ልጅ ሲያድግበት ለታናሹ ይተላለፍ። ጓንት ለሁሉም የማይደርስ ከሆነ ለማንም አይሁን። ወላጅ በአቅሙ ሊረዳ ቢፈልግ ለሣጥኑ ይስጥ እንጂ የራሱን ልጅ ብቻ ለይቶ አያስጊጥ።

በልጁ እጅ ያለውን ደግሞ ያለ ይሉኝታ እንጠይቅ። ሸሚዙ ታጥቦ በካውያ ይተኮስ፤ ቁልፉ የተሟላ ይሁን። ጥፍር ይቆረጥ፤ ፀጉር ይስተካከል። በሰዓቱ ይገኝ፤ በልምምድ አይቅር። በካርቲየ 2 ውሃ የሚቋረጥበት፣ አቧራው የሚያስቸግርበት ቀን እንዳለ እናውቃለን። ስለዚህ ልብሱ በዋዜማው ታጥቦ ይሰቀል፤ ጧት የሚሮጥ ሰው መቼም አያምርበትም። ቁጥጥሩን የሚያደርገው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ጉድለት ቢያይ ልጁን ወደ ጎን ጠርቶ በዝግታ ይንገረው። በሰው ፊት ያፈረ ልጅ ስለ ንጽሕና አይማርም፤ የሚማረው መሸሽን ነው።

ስለ ፀጉርና ስለ እምነት ምልክትም ሐሳባችን ግልጽ ነው። ሹሩባ የእናቶቻችን ወግ ነው፤ ከፊት ወደ ኋላ ተሰብስቦ ከተያዘ ለሰልፍ ይመቻል። ሻሽ ወይም ሒጃብ የምታደርግ ልጅ ነጭ አድርጋ ትሰለፍ። ማተብ ያለው ልጅ በሸሚዙ ሥር ያድርገው፤ ፍታው ግን አይባል። የእኛ ማኅበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣውም በአንድ ጥላ የተሰበሰበበት ነው። ሰልፉም ይህንኑ ይምሰል።

ሰንደቅ ዓላማን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሰንደቅ ዓላማዎች በእኩል ከፍታ፣ በንጹሕ እጅ ይያዙ፤ መሬትም አይንኩ። በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ በሚከበረው የሰንደቅ ዓላማ ቀን ይሁን በሰኔ 20፣ ልጆቻችን በጧት ወይም በማታ ቀዝቀዝ ሲል ይሰለፉ፤ ውሃ ይቅረብላቸው። ተጠንቀቅ ብሎ የሚቆም ልጅ ጉልበቱን አደንድኖ እንዳይወድቅ፣ ጣቶቹን በጫማው ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያንቀሳቅስ ይነገረው። ንግግር የምናደርግ ትልልቆችም እናሳጥር። የቆመው ልጅ ነውና።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። ያላሟላ ልጅ ከሰልፍ አይቀርም፤ ያላሟላውን እኛ እናሟላለታለን። ማሟላት ካልቻልን ደንቡን ሁሉም በሚደርስበት ልክ እናድርገው። አያቶቻችን በባዶ እግራቸው ቆመው የዓለምን እንግዳ ተቀብለዋል። አርባዎቹ ልጆች ባዶ እጃቸውን በዚህ ወደብ አልፈው የአገር መዝሙር ተጫውተዋል። አሮጌው ባቡር ሥራውን ካቆመ ቆይቷል፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከናጋድ ጣቢያ እየተነሣ ይጓዛል። መንገዱ ግን ያው የጥንቱ መንገድ ነው፤ ልጆቻችንም የዚያ መንገድ ወራሾች ናቸው።

 ልጆቻችንን ያሳድግልን፤ ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩም በሰላም ያድርሰን።